ሽማግሌ በጨዋታ ቀን

እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያለ ሐበሻ የእኔን ነገር ሲያወራ «በፉትቦል የፈረሰች» ይለኛል። ሰርግ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ክርስትና ላይ ሰምቼዋለሁ። በቀደም ሞርስ ሮድ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በአንዱ፣ እንጀራ ልትገዛ የተሰለፈች ሴት እኔ ከኋላዋ መሆኔን ሳታይ፣ «አባትየው ኦሃዮ ይበልጣል፣ ሽማግሌው ቴክሳስ ይበልጣል ሲባባሉ ልጅቷ ቆማ ቀረች አሉ» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባለሱቁም ሳቀ። እኔ የያዝኩትን ምስር ከፍዬ ወጣሁ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን ጨብጬ ስቀመጥ ነው የምመልሰው ሁሉ የመጣልኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ነገሩ ቀልድ ሆኖ ሲዞር ዝም ብዬ መስማት ሰልችቶኛል።

መጀመሪያ ስለ ኳሱ ልናገር። እዚህ ፉትቦል የሚባለው በእግር የሚገፋው አይደለም፤ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ ታቅፎ መሮጥ፣ የሚሮጠውንም አንገቱን ይዞ መጣል ነው። ከተማችንን የሚገዛት ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎቹ ጨዋታ ነው። በመኸር ወራት ቅዳሜ ሲመጣ ከሕፃን እስከ አሮጊት ቀይ ይለብሳል፤ የጥርስ ሐኪም ቤቱ ባንዲራ ይሰቅላል፤ ሙሽሮች የሰርግ ቀናቸውን የጨዋታውን ፕሮግራም አይተው ይቆርጣሉ። የኮሌጅ ፉትቦል መዲና መባል የሚገባው የትኛው ስቴት ነው የሚለው ክርክር ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጸጉር ቤቱ ማለቂያ የለውም። የእኛም ሰዎች ገብተውበታል። ከገቡት ውስጥ እንደ አባቴ የጠለቀ አላየሁም።

አባቴ ከስደተኞች ካምፕ ወደዚህ ሲመጣ ይህን ኳስ አያውቀውም ነበር። ኦቤትስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ሲጭንና ሲያወርድ፣ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ከእሱ ጋር የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም፤ እሱም ቋንቋው አልነበረውም። ሰኞ ሰኞ ግን ሁሉም የቅዳሜውን ጨዋታ ያወራሉ። አንድ ሰኞ አባቴ ከቴሌቪዥን የለቀማትን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ትርጉሟን በወጉ ሳያውቅ፣ ምሳ ላይ ጣል አደረጋት። ዳኛውን የምትሰድብ ነበረች። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ፤ ትከሻውን መቱት፤ ወንበር ሳቡለት። ይህን ሲያወራ ዛሬም ፊቱ ይበራል። ዜግነቱን የተቀበለው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ ቃለ መሐላውን የፈጸመው በዚያች ወንበር ላይ ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ ኳሱን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለሕንፃው ማሠሪያ እንዲሆን፣ በጨዋታ ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ካሉት የምግብ መሸጫዎች አንዱን ይዘን እንሠራ ነበር። ትልቁ ጨዋታ፣ ከሚሺጋን ጋር የሚደረገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ እኛ ጾመኞቹ ቀኑን ሙሉ ሆት ዶግ ስንጠቀልልና የቀለጠ አይብ ስናፈስ እንውላለን። አንዷ ጓደኛዬ ጣቷን የነካውን አይብ ረስታ ልሳ፣ ለንስሐ አባቷ ልንገር አልንገር ስትል ከረመች። መሸጫው ከመቀመጫዎቹ ሥር ነው፤ ሜዳው አይታይም። ከላያችን ኮንክሪቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ እንዳገባን፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያቃስት እነሱ እንዳገቡብን እናውቃለን። ስንት ጨዋታ እንደዚያ አለፈ፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም።

ስለዚህ ለክርክሩ እኔም መልስ አለኝ። መዲናዋ ኦሃዮ ናት። ከአባቴ ጋር መስማማቴ ያናድደኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ቴክሳስ ሕዝብ አለው፣ ገንዘብ አለው፤ አላባማ ዋንጫ አላት። መዲና ማለት ግን ነገሩ የማይመለከተውን ሰው ሁሉ የሚያስገብር ቦታ ነው። እዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ጾመኛ እንኳ ሆት ዶግ ሸጦ ነው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የሚያለብሰው። እዚህ ሽምግልና እንኳ ጨዋታውን አልፎ አይሄድም።

ሽማግሌ የላከብኝን ሰው ያገኘሁት የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ነው፤ ከዳላስ መጥቶ ነበር። ወደድኩት። እኔ ቃል ስፈልግ ዓረፍተ ነገሬን ሳይነጥቀኝ ይጠብቀኛል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከየትም ሆኖ ይሠራል። እኔ ያን ጊዜ መድኃኒት ቤት ረዳት ሆኜ እየሠራሁ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ለመግባት እታገል ነበር። ሁለት ጊዜ አመልክቼ መልሰውኛል። በሦስተኛው፣ እዚሁ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ለሚመጣው መኸር ተቀበሉኝ። ደውዬ ስነግረው በስልኩ ውስጥ ጮኸ። «እኔ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ ከዚያ ትምህርት ቤት ንቅንቅ አትይም» አለኝ። ቃሉ ይህ ነበር። እኔ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ለአባቴ ነገረችው። ለእሱ ቤተሰብ መንገር የእሱ ድርሻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የታንክስጊቪንግን ቅዳሜ መረጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት የሰውየው አጎት ከዳላስ ለመምጣት ፈቃድ ያገኙት በዚያ በዓል ነው። እናቴ ቀኑን ስትነግረው አባቴ፣ «ጠዋት ቢያደርጉት አይሻልም?» አለ። እናቴ አልገባትም፤ እኔ ገብቶኛል። ያን ቅዳሜ ከሚሺጋን ጋር ነው፤ ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል።

ጠዋት ይመጣሉ የተባሉት ሽማግሌዎች እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጡ። ሦስት ነበሩ። ነገሩን የሚመሩት ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ መኪናውን የነዱትም እሳቸው ስለሆኑ ስታዲየሙ አካባቢ ትራፊክ ውስጥ ተቀርቅረው ቆይተዋል። ሁለተኛው የዳላሱ አጎት ናቸው። ሦስተኛው በቤተ ክርስቲያናችን የሚከበሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በወጉ መሠረት የምትጠየቀው ልጅ ሳሎን አትገኝም። እኔ መኝታ ክፍሌ ነበርኩ፤ ከሳሎን የሚለየኝ አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በሩ ሲንኳኳ እናቴ አባቴን፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጋው» ስትለው ሰማሁ።

«ድምፁን አጥፍቼዋለሁ» አለ።

«ዝጋው ነው ያልኩህ።»

«ድምፅ ከሌለው ያው ዝግ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ገቡ። «ጉዳያችንን ሳናደርስ አንቀመጥም» አሉ የሂልቶፑ አዛውንት።

«ተቀመጡ፤ ጉዳይ ተቀምጦም ይነገራል» አለ አባቴ።

ተቀመጡ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ነገር ማሳመር ያውቁበታል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ፍሬ፣ ስለ ጎጆ ተናገሩና ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። አባቴ በወጉ መሠረት ልጁን የማያውቀው መስሎ ጠየቀ። ሃይማኖቱ? ወላጆቹ? ሥራው?

«ሥራው ኮምፒውተር ነው» አሉ አጎትየው። «ቢሮ እንኳ አይሄድም። ከፈለገው ቦታ ሆኖ ነው የሚሠራው።»

ግድግዳው ጀርባ ሆኜ ደስ አለኝ። አሁን «ስለዚህ ወደዚህ ይመጣል» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ቀጥሎ መጠየቅ ሲገባው ዝም አለ። ቆየሁና ገባኝ፤ ጨዋታው ተጀምሯል።

አጎትየውም የአባቴን ዓይን ተከትለው ቴሌቪዥኑን አዩ መሰለኝ ሳቁ። «አይ ጋሼ! እነዚህን ነው የሚያዩት?»

«ምን አላቸው እነዚህ?»

«ምንም አላልኩም። ጎበዝ ልጆች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን የሃይስኩል ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ከዚህ ይበልጣል።»

«ሜዳማ አላችሁ። ዋንጫውስ?»

«ዋንጫ ይመጣል ይሄዳል። የፉትቦል አገር ግን ቴክሳስ ነው፤ ማንንም ይጠይቁ። ዓርብ የሃይስኩል ነው፣ ቅዳሜ የኮሌጅ ነው፣ እሁድ ደግሞ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ድምፁ ተዘግቶ ነው።»

«ተዉኝ እንጂ! ስንት ቡድን ነው ያላችሁ? አንዱ ሲያሸንፍ ጎረቤቱ ሐዘን ይቀመጣል። እኛ አንድ ነን። ከዚህ እስከ ሐይቁ ድረስ ሁሉም የሚለብሰው አንድ ልብስ ነው።»

«ሌላ ምን አላችሁና! ከዚህ እስከ ሐይቁ በቆሎ ነው።»

«ከብት ከማየት በቆሎ ማየት ይሻላል።»

«ኧረ ጎበዝ!» አሉ የሂልቶፑ አዛውንት። «ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ምንድን ነው ይሄ? ለነገሩ የወንድሜ ልጅ አላባማ ነው ያለው፣ አላባማን ማንም—»

«አላባማን ይተዉት!» አሉ አባቴና አጎትየው በአንድ አፍ። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። አባቴ እንግዳ ፊት እንደዚህ ሲፍታታ እምብዛም አይታይም። ምናልባት ቤተሰብ የሚሆኑት በዚህ ይሆናል አልኩ። ሰኞ ወንበር የሳቡለትን ሰዎች አስታወስኩ።

ከዚያ አባቴ፣ «ልጄ እኮ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፤ ስታዲየሙ ሥር ነው ያደገችው» አለ።

«ግድ የለም፣ እናስለምዳታለን» አሉ አጎትየው። «ልጃችን የሚመጣውን መኸር ሙሉ ስታዲየም ውስጥ የሁለት ሰው መቀመጫ ከአሁኑ ይዟል። ጎን ለጎን። ቴክሳስ በገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ የእኛን ማልያ አልብሰን እናስገባታለን። ቤቱንም ከእናቱ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ አይቶላታል።»

የሚመጣው መኸር። ትምህርት የምጀምርበት መኸር። እሱ ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣበት መኸር። ግድግዳው ጀርባ ሆኜ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ፤ አባቴ አሁን ይጠይቃል አልኩ። ያውቃል። እናቴ ነግራዋለች፤ እኔም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ የተቀበሉኝ ዕለት አቅፎኝ «ዶክተር» ብሎኛል። አሁን «የምን ትኬት? ልጁ ወደዚህ አይመጣም ወይ?» ይላል።

«ለየትኛው ቡድን ነው መቀመጫው?» አለ አባቴ። «ለዚያ በገዛ ሜዳው እንግዳ ለሚገርፈው?»

ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ።

ይህችን ደቂቃ ነው ሰዎች የማያወሯት። «በፉትቦል የፈረሰች» የሚሉት አጎትየው ቴክሳስ በማለታቸውና አባቴ ኦሃዮ በማለቱ የተጣሉ አስመስለው ነው። አልተጣሉም። እንደዚያ ቀን የተዋደዱ ሰዎች አይቼ አላውቅም። አባቴ ለኳሱ መልስ ነበረው። ለእኔ አልሰጠኝም።

ስልኬን አወጣሁና ለሰውየው ጻፍኩለት፦ «አጎትህ ቴክሳስ የሁለት ሰው መቀመጫ ይዟል እያሉ ነው። ምንድን ነው?»

መልሱ ቶሎ መጣ። «ዛሬ ይለፍ፣ በኋላ እናወራለን። እባክሽ ሽማግሌ ፊት ነገር እንዳይበላሽ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት ነው አላለም። ተሳስተው ነው አላለም።

እናቴ እኔ ክፍል ያስቀመጠችውን ትሪ ልትወስድ ገባች። የጾም ወጥ ስትሠራ ነው ያደረችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። አየችኝ።

«ሰምተሻል?» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«እነሱ ይሂዱ ብቻ። ማታ አባትሽን እኔ አናግረዋለሁ።»

«እማዬ፣ አባዬም ሰምቷል።»

ትሪውን እንደያዘች ቆመች። እሷ የምትለው ሲጠፋት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ሁለት እጇ ስለተያዘ ያንን እንኳ ማድረግ አልቻለችም። ወጣች።

ሳሎን ክርክሩ ጋል ብሏል። አባቴ የመጋዘን እንግሊዝኛውን ሁሉ አውጥቶታል፤ «ዲፌንስ» ይላል፣ «ሪክሩት አደረጉት» ይላል። አጎትየው ኦሃዮ የሚያሸንፈው ከቴክሳስ በወሰዳቸው ልጆች ነው ይላሉ። «ልጆቻችሁ እኛ ጋ መምጣት ከፈለጉ ምን እናድርግ?» አለ አባቴ፤ በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተሳሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድ ኳስ ተጫዋች ከቴክሳስ ተነሥቶ ኦሃዮ ሊማር ሲመጣ ቤተሰቡ ጎረቤት ጠርቶ ይጨፍርለታል፤ የመረጠውን ኮሌጅ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሣል፤ «የት ነው የምትማረው?» ተብሎ እሱ ራሱ ይጠየቃል። እኔ ሁለት ጊዜ መልሰውኝ በሦስተኛው የገባሁበትን ትምህርት ቤት በዚያ ሳሎን ስሙን ያነሣ አልነበረም።

«በቃ እኔ ልፍረድ» አሉ የሂልቶፑ አዛውንት። «ሁለታችሁም ጎረምሳ ሆናችኋል። ጨዋታው ይፍረደን። ዛሬ ኦሃዮ ካሸነፈ ልጁ ወደዚህ ይምጣ። ከተሸነፈ ልጅቷ ትሂድ።»

«ተስማምቻለሁ!» አሉ አጎትየው እየሳቁ። «ሚሺጋን ዘመዴ ባይሆንም ለዛሬ ወንድሜ ነው።»

አባቴ ሳቀ። ከመጋዘን ጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲያወራ የሚስቀውን ሳቅ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ድምፅ አወጣ። ከፍቶታል። የሰዉ ጩኸት በግድግዳው አልፎ መጣ፤ ያ በኮንክሪቱ ሥር ሆኜ ስሰማው የኖርኩት ጩኸት።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ደፋር ሆኜ አይደለም። በሩን የከፈትኩት እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ሳሎን ስገባ ሁሉም ዞሩ። አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሣሁ። ይህን አለማድረግ አልቻልኩም፤ አስተዳደጌ ነው። ከዚያ ሪሞቱን ከአባቴ ወንበር ክንድ ላይ አነሣሁና ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ድምፁን ብቻ አይደለም።

«ምን ሆነሻል?» አለ አባቴ።

ወደ አጎትየው ዞርኩ። «ጋሼ፣ እኔና ልጃችሁ የተስማማነው እሱ ወደዚህ እንዲመጣ ነው። በሚመጣው መኸር ትምህርት እጀምራለሁ። እባክዎ ይደውሉለትና ይጠይቁት።»

«የእኔ ልጅ» አሉ የሂልቶፑ አዛውንት፣ «እኔ እኮ ቀልዴን ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

አጎትየው ወደ አባቴ አዩ። «ልጅ በሽምግልና መሃል ገብታ ስትናገር እኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ እስከዚያች ሰዓት ቃል ያልወጣቸው ሦስተኛው ሽማግሌ፣ «ይደወልለት» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

አጎትየው ደወሉና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ገና ካልተነካው ምግብ አጠገብ።

«ሃሎ አጎቴ! እንዴት ሆነ? ሰጡን?» አለ ድምፁ። ደስተኛ ነበር። ያንን ድምፅ እወደው ነበር።

«ልጅቷ እዚህ ቆማለች» አሉ አጎትየው። «ኦሃዮ እመጣለሁ ብለሃታል ወይ?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ማለቴ… እንደዚያ ተባብለን ነበር» አለ። «ግን ያው ሲጋቡ ነገር ይለወጣል ብዬ ነው። እማዬም እዚህ አለች። እሷ እኮ አትጨቃጨቅም፣ ቀስ ብላ ትለምደዋለች።»

«መቀመጫውስ?» አልኩ።

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። «ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር» አለ።

እሷ አትጨቃጨቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል እስካገኝ ሲጠብቀኝ የነበረው ለዚህ ነው። ዝምታዬን ትዕግሥት ብሎ የወደደው መስሎኝ ነበር፤ እሱ እንደ ክፍት በር አይቶት ኖሯል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላልኩም። ያልኩት፣ «እንግዲያው አልተስማማንም» ብቻ ነው።

አጎትየው ስልኩን ዘጉና አባቴን፣ «ጋሼ፣ እኛ መልስ የምንጠብቀው ከእርስዎ ነው» አሉ።

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተዘጋውን ቴሌቪዥን አየ። «እንግዲህ…» አለ። «ወጉ እንደሚለው… እኛም ተመካክረን እንነግራችኋለን።»

«አባዬ» አልኩ፣ «ተመካክረን ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ምግብ ሳይቀምሱ ተነሡ። እናቴ በር ድረስ ተከትላ ለመነቻቸው፤ «እትዬ፣ አይቀየሙን» እያሉ ወጡ። የሂልቶፑ አዛውንት ሲያልፉ ግንባሬን ሳሙኝና፣ «አይዞሽ፣ ኳሱ ነው ያጣላን» አሉ። «በፉትቦል የፈረሰች» የሚለውን የጀመሩት እሳቸው ይመስሉኛል። ክፋት የላቸውም። ቀልድ አዋቂ ናቸው፤ ነገሩን ሁሉም ሊስቅበት በሚችል መልክ አሳምረው አወጡት። በዚያ ቀልድ ውስጥ አባቴ ኳስ ወዳድ ነው፣ አጎትየው ኩሩ የቴክሳስ ሰው ናቸው፣ ሰውየው የለበትም፣ እኔ ደግሞ አፍ የለኝም። ስለ ትምህርት ቤቱ ቀልዱ ውስጥ አንዲት ቃል የለችም። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቀልዱ ያኔ ሳሎን ውስጥ የሆነውን ነገር እንደገና ያደርገዋል፤ በተነገረ ቁጥር እኔ እንደገና ከግድግዳው ጀርባ እገባለሁ።

እናቴ ምግቡን ልታነሣ ወደ ኩሽና ሄደች። አባቴ ከወንበሩ አልተነሣም። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። 

«መቀመጫ ይዟል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ።»

«የሚመጣው መኸር ሲሉ ልቤ ደንግጧል። ግን ምን ልበል? ሽማግሌ ናቸው። እንግዳ ናቸው።» እጁን በእጁ አሸ። «ስለ ኳሱ የምለው ነበረኝ፤ ስለዚያኛው አልነበረኝም። አፌ ወደሚያውቀው ሄደ።»

አመንኩት። አባቴ ውሸታም አይደለም። በዚያች የመጋዘን ምሳ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የኳስ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሕይወቱን ያቀና ሰው ነው፤ ሲጨንቀው ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ይሮጣል። ገባኝ። መግባቱ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ሰውን መረዳትና በእሱ መቆጣት አብረው እንደሚኖሩ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እስከ ዛሬም አብረውኝ ይኖራሉ።

የዚያን ጊዜ ሰፈሩ ጮኸ። ጎን ካለው አፓርታማ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከላይም ከታችም አንድ ላይ፤ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ አንድ ሰው ደጅ ወጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰም ሳቀም። እዚህ ብዙ ኖሬያለሁ፤ የደስታውን ጩኸት ከሐዘኑ እለያለሁ። አባቴ ግን በጆሮ መለየት አልለመደም፤ እሱ ሁልጊዜ በዓይኑ ነው ያየው። ቀና ብሎ ጥቁሩን ቴሌቪዥን አየ። ከዚያ እጄን አየ።

«እኛ ነን?» አለ።

ሪሞቱን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።